ፊት የሌላቸው እጆች

ሠላሳ አንድ ዓመት እንጀራ የበላችሁበትን እጅ በአርባ ሰከንድ ቪዲዮ ቢያረክሱባችሁ፣ ያረከሰውም ልጃችሁ የምትወደው ሰው ቢሆን፣ ማንን ትከሳላችሁ?

ለመመለስ አትቸኩሉ። "ለልጅቷ ትዳር ሲባል ይለፍ" የምትለዋን አውቃታለሁ፤ የሁላችንም ምላስ ጫፍ ላይ ናት። በዚህ ከተማ ይቅርታ የበዳይ ሥራ መሆኑ ቀርቶ የተበዳይ ግዴታ ከሆነ ቆይቷል። የዘሃራን ነገር ሰምታችሁ አሁንም "ይለፍ" ካላችሁ፣ እኔና እናንተ አንተዋወቅም።

ዘሃራ ጦይብ የአክስቷን ለቅሶ ደርሳ ከደሴ የተመለሰችው ረቡዕ ዕለት፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። አስራ ሁለት ቀን ቆይታለች። ቂርቆስ ያለው የቀበሌ ቤታቸው በር ገርበብ ብሎ ስታገኘው ደነገጠች። ረቡዕ የልምምድ ቀን ነው። አባቷ ጋሽ ጦይብ የአንድ እግር ኳስ ክለብ ወጌሻ ናቸው፤ ተጫዋች ሲወድቅ ቦርሳቸውን አንጠልጥለው ወደ ሜዳ የሚሮጡት፣ የዞረውን የሚያቃኑት፣ ያበጠውን የሚያስታግሱት። በልምምድ ቀን በዚህ ሰዓት ቤት መዋል አያውቁም።

ፍራሹ ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ብርድ ሳይኖር ሁለቱን እጆቻቸውን ብብታቸው ውስጥ ሸጉጠዋል። ስለ ለቅሶው ጠየቋት፣ ስለ መንገዱ ጠየቋት፣ ደሴ ዝናብ ጥሎ እንደሆነ ጠየቋት። ሻይ ስታቀርብላቸው ግን ብርጭቆውን ለመቀበል እጃቸውን አላወጡም። "አስቀምጪው" አሉ፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ መልሰው።

ነገሩን የነገሯት ጎረቤታቸው እትዬ ብርነሽ ናቸው። እትዬ ብርነሽ ነገር አያለሳልሱም። ዘሃራ ውሃ ልትቀዳ ወደ ግቢው ቧንቧ ብቅ ስትል ጠብቀው ያዟት።

"አልነገሩሽም አይደል? እንዴት ብለው ይንገሩሽ። ያንቺው መሥሪያ ቤት ነው ጉድ የሠራቸው። እንኪ እዪው፣ እኔም ስልክ ላይ አለ። የማን ስልክ ላይ የሌለ።"

ቪዲዮው የሚጀምረው በቀይ ጽሑፍ ነው፤ "ትምህርት አስራ አንድ፦ የቁርጭምጭሚት ወለምታ። ፈጽሞ መደረግ የሌለበት።" ከጽሑፉ ሥር ሁለት እጆች አሉ። ፊት የለም፣ ድምፅ የለም። እጆቹ የተጫዋች እግር ይዘው ይጎትታሉ፣ ይጠመዝዛሉ፣ ያሻሉ። ቀይ የኤክስ ምልክት ይመጣባቸዋል። የግራው እጅ የቀለበት ጣት ከመሃሉ ጎብጧል። ቀጥሎ ነጭ ጋዋን የለበሰ ዶክተር ታዲዎስ የሚባል ሰው ፈገግ ብሎ ይወጣና ትክክለኛውን እንመልከት ይላል። "መጀመሪያ አጥንቱን ጠይቁት። አጥንት ዝም ካለ ጅማት ነው፤ አጥንት ከጮኸ እጃችሁን አንሱና ወደ ሆስፒታል ላኩ።"

ዘሃራ ስልኩን እንደያዘች ቀረች። ይህን አባባል ፊደል ሳትቆጥር ነው የምታውቀው። አባቷ ከአባታቸው ሰምተው ከወረኢሉ ይዘውት የመጡት ነው። የእሳቸውን ቃል ለጋዋኑ፣ ኤክሱን ለእሳቸው አድርገውታል።

"የጎበጠችውን ጣት አይቶ የማያውቃቸው አለ?" አሉ እትዬ ብርነሽ። ከዚያ በኋላ የተናገሩትን ዘሃራ አልሰማችውም። ጀሪካኑ ሞልቶ ውሃው ጫማዋ ላይ ይፈስ ነበር።

ከአንድ ዓመት ተኩል በፊት ዘሃራ በስፖርት ሳይንስ ተመርቃ ሥራ ፍለጋ ስትዞር ነው ጠልሐን ያገኘችው። ጠልሐ "መልበሻ ክፍል" የሚባል የቪዲዮ ማስተማሪያ ፕላትፎርም ሊሠራ ተነስቶ ነበር፤ የትምህርቶቹን ጽሑፍ እንድታዘጋጅም ቀጠራት። አሰልጣኙ፣ ዳኛው፣ ወጌሻው ባለበት ከተማ ሆኖ፣ በስልኩ ቪዲዮ እያየ የሚማርበት፣ ተፈትኖም የምስክር ወረቀት የሚያገኝበት። ጂንካ ያለ አሰልጣኝ ለአምስት ቀን ስልጠና ሁለት ቀን አውቶቡስ ላይ መሰቃየት የለበትም ይል ነበር። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ አልክድም። ሰው የሚረገጠውም ብዙ ጊዜ በጥሩ ሐሳብ ነው።

የሁለቱም ቤተሰብ ዘሩ ከወሎ፣ ያውም ከአንድ ወረዳ ነው። ልዩነቱ፣ የጠልሐ አባት አዲስ አበባ ሲገቡ ሱቅ ከፈቱ፤ የዘሃራ አባት ደግሞ ሜዳ ገቡ። ዛሬ የአንዱ ሱቅ ደምበል አካባቢ ፎቅ ሆኗል። የጠልሐ እናት ስለ ዘሃራ ሲነገራቸው "የማን ልጅ ናት?" ብለው ጠይቀዋል፤ "የወጌሻ" የሚለውን መልስ ሲሰሙ ዝም ብለዋል። የሀብታም ዝምታ ከድሃ ስድብ ይበልጥ ያማል። ጠልሐ ግን በዝምታው ላይ ተራምዶ መጥቶ ነበር። በሚቀጥለው ወር ሽማግሌ ሊልክ ቀን ተቆርጧል።

አባቷን ቪዲዮ ውስጥ ያስገባቸው የእሷ ልመና ነው። ሁለት ጊዜ እንቢ ብለዋት በሦስተኛው እሺ አሉ። በቀረጻው ቀን ጠልሐ ራሱ መብራት ይዞ ቆመ። ጋሽ ጦይብ ሥራቸውን ሲጀምሩ ዘሃራና ጠልሐ በአባትየው ትከሻ ላይ ተያዩ፤ ያ አስተያየት ከሽማግሌ ሁሉ በፊት የተላከ ሽማግሌ መሰላት።

ጋሽ ጦይብ የሚያስተምሩት እሳቸው በተማሩበት ወግ ነው። በዚያ ወግ ትምህርት ከጥፋት ይጀምራል፤ ጥፋቱን ያላየ ልኩን አያውቅም ይባላል። መምህሩ በገዛ እጁ፣ ኃይል ሳይጨምር፣ መጀመሪያ የማይደረገውን ያሳያል። "እንዲህ የሚያደርግ ሰው፣ ሰው አይንካ" ይላል። ከዚያ እግሩን ያሳርፍና የሚደረገውን ያሳያል። በዚያ ቀንም እንዲሁ አደረጉ፤ ሁሉም ተቀርጿል። ፕላትፎርሙ ሳይመረቅ ለማስተዋወቂያ የወጣው ቪዲዮ የመጀመሪያውን ግማሽ ይዟል፤ ድምፁንም ሁለተኛውን ግማሽም ጥሏል።

ጋሽ ጦይብ የሆነውን የነገሯት በማግስቱ ነው፤ ያውም በቁንጽሉ። የቡድን መሪው ተጫዋቾቹን ሰብስቦ ስልኩን ከፈተላቸው። ይህ እጅ የማን ነው ብሎ ጠየቀ። አምበሉ ረዳኢ፣ ሁለት ጊዜ ጉልበቱን ያቀኑለት ረዳኢ፣ አጎንብሶ የጫማውን ክር ፈትቶ እንደገና አሰረ። ቡድን መሪው ክለቡ ዘመናዊ አሠራር እንደሚከተል ተናግሮ ቦርሳውን እንዲያስረክቡ ጠየቃቸው። አስረከቡ።

መስቀል አደባባይ ደረጃው ላይ ጠዋት ጠዋት የሚሮጡ ልጆች ነበሩ፤ ባታቸው ሲይዛቸው እሳቸውን ይጠብቁ የነበሩ። ቦርሳውን ካስረከቡ በኋላ ጋሽ ጦይብ ወደ እነሱ ሄደው ነበር። ልጆቹ ሰላም አሏቸው፤ እግራቸውን ግን አልሰጧቸውም።

"አንድ ነገር ብቻ ጠይቀሽ ንገሪኝ" አሏት። "ያ ልጅ አውቆ ነው ወይስ ሳያውቅ? ሳያውቅ ከሆነ ሽማግሌዎቹን እቀበላለሁ፤ ሰው ይሳሳታል።"

"አውቆ ከሆነስ አባ?"

እጃቸውን መልሰው ብብታቸው ውስጥ ሸጎጡ። አባቷ ከእሷ ፊት እጃቸውን የሚደብቁ ሰው ሆነው ማየት ከለቅሶው ቤት ይዛው ከመጣችው ሐዘን ይበልጥ ከበዳት።

የመልበሻ ክፍል ቢሮ ካዛንቺስ፣ አንድ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። በመስኮቱ ሲታይ ድሮ ቤቶች የነበሩበት ቦታ ሰፊ አስፋልትና የሣር መደብ ሆኗል። ጠልሐ ስትገባ ከወንበሩ ተነስቶ መጣ፤ አላህ ይዘንላት ሊላት እጁን ዘረጋ። እጁን አልጨበጠችም።

"ትምህርት አስራ አንድን ማን ነው የሠራው?"

ፊቱ ተለዋወጠ። ሊቀመጥ ፈልጎ ተወው። ከዚያ ብዙ አወራ። ዕውቅና የሚሰጠው ኮሚቴ የሙያ ፈቃድ የሌለው ሰው በመምህርነት አይቅረብ ማለቱን፣ ዶክተር ታዲዎስ በመጨረሻ ሰዓት መገኘቱን፣ ጊዜ ማነሱን፣ ቅዳሜ የፕላትፎርሙ ምረቃ መሆኑን ነገራት።

"መምህር አይሁን አሉ። ጥፋተኛ ይሁን አሉ?"

"ማለቴ... ዘሃራ፣ ኤዲቱን የሠራው ሰዓድ ነው። እኔ ሩጫ ላይ ነበርኩ። በቃ፣ ፋይሉን አይቶ የቱ ልክ የቱ ስህተት እንደሆነ በራሱ ለየ። ድምፅ አልባ ፋይል ነበር የደረሰው።"

"አንተ አላየኸውም?"

ጠልሐ ወደ መስኮቱ ዞረ። "ሳይወጣ በፊት አላየሁትም" አለ።

ዘሃራ ይህን ቃል አመነችው። እንዳታምነው የሚያደርግ ምክንያት ሁሉ ፊቷ ቆሞ ሳለ አመነችው፤ ምክንያቱም አባቷ የጠየቋት መልስ ይህ ነበር፣ እሷም የምትፈልገው መልስ ይህ ነበር። ደረጃውን ስትወርድ እግሯ ቀለላት። በዚያች ቅለቷ እስከ ዛሬ ታፍራለች።

አባቷ ሲሰሙ "አልሐምዱሊላህ" አሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ ብርጭቆ በእጃቸው ተቀበሉ።

አርብ ከሰዓት በኋላ ሰዓድ በሩን አንኳኳ። ቪዲዮ አቀናባሪው ሰዓድ፣ ረጅምና ዝምተኛ ሰው ነው፤ ከቢሮው ውጭ አይታው አታውቅም። የታሸገ ፖስታ ሰጣት። ጠልሐ በቢሮው ሰው ሁሉ ፊት ጥፋቱ የሰዓድ ነው ብሎ ተናግሮ እንደነበር፣ ሰዓድም ያልተቆረጠው ቅጂ እጁ ላይ እንዳለ እንዳስታወሰው፣ ከዚያ በኋላ ጠልሐ በሩን ዘግቶ ሲጽፍ እንደዋለ ነገራት። "አንብቢውና ከዚያ ፍረጂኝ" ብሎ ሳይቀመጥ ሄደ።

ደብዳቤው እንዲህ ይላል፦

"ዘሃራዬ፣ ትናንት ዋሽቼሻለሁ። ሰዓድ ሲቆርጥ አጠገቡ ተቀምጬ ነበር። አባትሽ 'እንዲህ የሚያደርግ ሰው፣ ሰው አይንካ' ሲሉ ሰምቼ ድምፁን አጥፋው ያልኩት እኔ ነኝ። ኮሚቴው ያለኝ ፈቃድ ያለው መምህር አምጣ ብቻ ነው። ከሥር ስማቸውን ጽፌ ላመሰግናቸው እችል ነበር፤ ማንም አልከለከለኝም። ፊታቸውን የቆረጥኩት ለኮሚቴው ብዬ አይደለም። ምረቃው ላይ እናቴና አጎቶቼ ይቀመጣሉ። ስክሪኑ ላይ ያ የተቀደደ ጃኬት ሲታይ፣ 'የምታገባው የእሳቸውን ልጅ ነው?' ሲሉኝ ታየኝ። ፊታቸው ከሌለ ማንም አያውቃቸውም ብዬ ነበር። እኔ የቢሮ ሰው ነኝ፤ ሰው በፊቱ የሚታወቅ ይመስለኛል። መሬት ላይ የወደቀ ተጫዋች የሐኪሙን ፊት እንደማያይ፣ የሚያየው ሕመሙ ላይ ያረፈውን እጅ እንደሆነ አላሰብኩም። የኢትዮጵያ ተጫዋች ሁሉ የጋሽ ጦይብን እጅ እንደሚያውቅ አላሰብኩም። እወድሻለሁ። ይህን የምጽፍልሽ ስለምወድሽ ነው። ለሌላ ሰው አታሳዪው።"

የመጨረሻዋን መስመር ሦስት ጊዜ አነበበቻት። ከዚያ በላይ ያለው ሁሉ ልቧን አቅልጦት ነበር፤ እውነት ነበረበት፣ እንባ ነበረበት። የመጨረሻዋ መስመር ግን ያንኑ መቀስ እንደገና አወጣችው። አባቷን ከቪዲዮው እንደቆረጠ፣ ጥፋቱንም ከሰው ዓይን ሊቆርጥ ነው።

ለአባቷ አነበበችላቸው። አንዲት ቃል ሳትዘል። ጋሽ ጦይብ ስለ ጃኬቱ ሲሰሙ ወደ በሩ አዩ፤ ጃኬቱ እዚያ ምስማር ላይ ተሰቅሏል።

"ጽፎ ነግሮሻል" አሉ። "ብዙ ሰው ይህንንም አያደርግም። እኔ አርጅቻለሁ፣ አንቺ ገና ነሽ። ትዳርሽን በእኔ እጅ አታፍርሺው። ይቅር፣ ልጄ። ይለፍ።"

አያችሁ? "ይለፍ" የምትለው ቃል ከማን አፍ እንደምትወጣ አያችሁ? ከፎቁ ባለቤት አፍ ወጥታ አታውቅም።

ዘሃራ አባቷን አልተከራከረችም። አጎንብሳ ጉልበታቸውን ሳመች። ሌሊቱን ሙሉ የሚሰማት ንዴት ነው ብላ ስትጠብቅ የተሰማት ሌላ ነገር ሆነ፤ ገና ያልሞተ ሰው የመቅበር ያህል ከባድ ነገር።

ምረቃው ቅዳሜ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ፣ ካዛንቺስ ባለ አንድ ሆቴል አዳራሽ ነበር። ከክለቦች የመጡ አሰልጣኞች፣ ዳኞች፣ የቡድን መሪዎች፣ ወጌሻዎች፤ ሦስት መቶ ያህል ሰው። ዘሃራ የመግቢያ ባጅ አላት፤ ከሃያ አራቱ ትምህርቶች አስራ ዘጠኙን ጽሑፍ ያዘጋጀችው እሷ ናት።

ጠልሐ በር ላይ ነበር። ግራጫ ሱፍ ለብሷል። ሲያያት ከእንግዶቹ ተለይቶ ወደ ኮሪደሩ ጥግ ወሰዳት።

"አነበብሽው?"

"አነበብኩት።"

"ዛሬ ማታ ቪዲዮውን አወርደዋለሁ። ሙሉ በሙሉ። ከሰኞ ጀምሮ ትምህርት አስራ አንድ የሚባል አይኖርም፣ በቃ። አባትሽ ጋ መጥቼ እግራቸው ላይ እወድቃለሁ። ምን ላድርግ ሌላ?"

"ስትለቀው አራት ሺህ ሰው አየው" አለችው። "ስታወርደው ማን ያያል?"

"ዘሃራ፣ ዛሬ አይደለም። እናቴ ውስጥ ናት።"

ቀና ብላ አየችው። ዓይኖቹ ቀልተዋል፤ እሱም አልተኛም። ክራቫቱ ተጣሟል። እጇ ልታቃናለት ሳታዛት ግማሽ መንገድ ሄደ፤ አየር ላይ ቆመና ተመለሰ። ያን ጊዜ አሁንም እንደምትወደው አወቀች፤ ማወቋም ምንም እንደማይለውጥ አወቀች። ከሁለቱ የትኛው የበለጠ እንዳመማት ለመናገር አትችልም።

ውስጥ ገብታ አስራ አራተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጠች። ንግግር ሆነ፣ ጭብጨባ ሆነ። ዶክተር ታዲዎስ መድረክ ላይ ወጥቶ አበባ ተቀበለ። ስለ ዘመናዊ ሕክምና አንድ ቀልድ ተናገረ፤ ሰው ሳቀ። የጠልሐ እናት ፊተኛው ረድፍ ላይ ነጭ ሻርፕ ለብሰው፣ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል። ከኋላ ግድግዳውን ተደግፎ የቆመው ሰዓድ ነበር። ያን የቡድን መሪም አየችው፤ ከረዳኢ ጋር ጎን ለጎን።

ጥያቄ ያለው ሲባል ዘሃራ ቆመች። ማይኩን የያዘችው ልጅ ባጇን አይታ የድርጅቱ ሰው መሆኗን አውቃ ፈገግ ብላ ሰጠቻት። መድረኩ ላይ ጠልሐ ራሱን በጣም በቀስታ ነቀነቀ። የሚለምን ሰው አነቃነቅ ነበር።

"ስሜ ዘሃራ ጦይብ ይባላል" አለች። "ትምህርት አስራ አንድ ላይ ቀይ ኤክስ የተደረገባቸው እጆች የአባቴ ናቸው። እዚህ ካላችሁት ውስጥ በእነዚያ እጆች አንድም ተጫዋች ያልተነሳለት ክለብ ካለ እጁን ያውጣ።"

ማንም እጁን አላወጣም። አዳራሹ ውስጥ ወንበሮች ሲንቋቁ ተሰሙ። ረዳኢ አንገቱን ደፋ፤ ከዚያ ቀና አደረገውና እሷን አያት።

"አባቴ ያንን ያደረገው አታድርጉ ብሎ ለማስተማር ነው። ልኩንም አሳይቷል። አሁን የተጨበጨበለት ዶክተር ቪዲዮው ላይ ያለውን ቃል በሙሉ የተናገረው አባቴ ነው። ያልተቆረጠው ቪዲዮ አለ። ሰዓድ እዚያ ቆሟል፤ እጁ ላይ ነው። ስለዚህ ጥያቄዬ ልኩ የቱ ነው የሚል አይደለም።"

የመድረክ አስተናጋጁ ጊዜ ስላጠረን የሚል ነገር ጀመረ። ዘሃራ አልሰማችውም። ጠልሐን ብቻ ነበር የምታየው፤ አንድ ጊዜ በመብራት ሥር እንዳየችው፣ አሁንም መብራቱ በፊቱ ላይ ነበር።

"ትናንት ደብዳቤ ልከህልኛል። ለማንም አታሳዪ ብለሃል፤ እዚህ አላነበውም። ግን ለእኔ ብቻ የተነገረ እውነት ለአባቴ ምን ያደርግለታል? እሱ የተዋረደው በእነዚህ ሰዎች ፊት ነው። ቦርሳውን የተቀማው በእነዚህ ሰዎች ፊት ነው። እኔ ይቅር ልልህ እችላለሁ ጠልሐ፤ የእሱን ስም ግን እኔ ልመልስለት አልችልም። እነሱ ናቸው የወሰዱት፣ አንተ ነህ የሰጠሃቸው።"

የጠልሐ እናት በቀስታ ዞረው ልጅቷን አዩ፤ ከዚያ ልጃቸውን አዩ።

"ፊቱን ማን ቆረጠው? ድምፁን ማን አጠፋው? ለምን?" አለች ዘሃራ፣ ማይኩን ከአፏ ሳታርቅ። "በኮሪደር አትንገረኝ፣ በወረቀት አትጻፍልኝ። እናትህ ተቀምጠው፣ እነዚህ ሁሉ ሰዎች እየሰሙ፣ እዚያው ቆመህ መልስ።"